የቃላት ታክሲ

እህቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በነበረችበት ዓመት ቤታችን ውስጥ የማይፈራ ሰው አልነበረም። እናቴ ፈተናውን ትፈራ ነበር። አባቴ ተማሪዎች በአውቶቡስ ተጭነው የሚፈተኑበትን ሩቅ ግቢ ይፈራ ነበር። እህቴ እንግሊዝኛውን ትፈራ ነበር። እኔ ደግሞ ለእህቴ እፈራ ነበር።

ሌላ ሰው ሲፈራ ይቀመጣል፣ በር ይዘጋል። እህቴ ስትፈራ እግሯ አያርፍም፤ ትወጣለች፣ ትሮጣለች፣ ማንም ያልሞከረውን ትሞክራለች። እናቴ ይህን ጠባይዋን ስለምታውቅ፣ ጠዋት ላምበረት ወዳለው ጉሊቷ ከመሄዷ በፊት በር ላይ ቆም ብላ፣ «ፈተናው የእሷ ሥራ ነው። የአንቺ ሥራ እሷ ናት። ከዓይንሽ እንዳትጠፋ» ትለኝ ነበር። «እሺ» እላለሁ። በዚያን ጊዜ ከእሺ የበለጠ ብዙ የምናገረው አልነበረኝም።

እኔ ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። እናቴ ስትታመም ጉሊቱን የሚይዝ ሰው ጠፋና እኔ ያዝኩት። መምህር ስሜን በጠራ ቁጥር አፌ ይደርቅ ስለነበር ትምህርቱን ለመተው ብዙም አልተከራከርኩም። ጉሊቱም ግን አልሆነልኝም። ደንበኛ መጥቶ «ቲማቲም ስንት ነው?» ሲለኝ ቲማቲሙን አያለሁ። ሰውየው ትንሽ ይጠብቅና ወደ ጎረቤቴ ያልፋል። እናቴ እንደዳነች ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ እኔ ከወሰን ሰፈር በላይ ባሉት ኮንዶሚኒየሞች ልብስ ማጠብ ጀመርኩ። ልብስ አያናግርም።

እህቴን የሚያስፈራት የእንግሊዝኛው ምንባብ ነበር። መምህራቸው አንድ ቀን ክፍል ገብቶ፣ «ቃላቱን ካላወቃችሁ ምንባቡን አሥር ጊዜ ብታነቡት ግድግዳ እያያችሁ ነው» አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ቀረ። በመጀመሪያ ቸከለች። ግድግዳ ላይ ዓይኗን ተክላ፣ እየተወዛወዘች፣ አንዱን ቃል ደጋግማ ትለዋለች። ጠዋት የገባው ቃል ምሳ ሰዓት ላይ የለም። ቀጥሎ በወረቀት እየጻፈች ዕቃ ላይ ለጠፈች፤ ጀሪካኑ ላይ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ የአባቴ የዘብ ካፖርት ላይ ሳይቀር። እናቴ ከገበያ ስትገባ ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «ይሄ ምንድን ነው? ቤቱን የሚከራይ አስመሰልሽው እኮ!» አለች። አባቴም ጀርባው ላይ ወረቀት ተለጥፎ ሥራ ገብቶ ኖሮ፣ ባልደረቦቹ ሲሳሳቁ አድረው ማለዳ ላይ ነገሩት።

ታክሲው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከመገናኛ ስትመለስ የተሳፈረችበት ታክሲ ረዳት መንገዱን ሙሉ ሲጮህ ሰምታ፣ «ይሄ ልጅ የሚጠራውን ቃል ቢሞትም አይረሳውም» ብላ አሰበች። ቤት እንደደረሰች ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የበሩን መቃን ይዛ ግማሽ አካሏን ወደ ውጭ አንጠለጠለች።

«አባንደን፣ አባንደን፣ አባንደን! ሁለት ሰው የቀረው! አባንደን!»

እናቴ ሽንኩርት እየመረጠች ቀና አለች። «ምን ነካሽ?»

«ግቡ እማማ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! ሂሳብ እየወጣ!»

«የምን ሂሳብ?»

«ትርጉሙን ነዋ! አባንደን ማለት ጥሎ መሄድ። ካላወቁ ወራጅ ነዎት!»

«የት አባሽ ታወርጂኛለሽ! ሹፌሩ እኔ ነኝ። ነይ ሽንኩርቱን ላጪ» አለች እናቴ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ፈተና የሚለው ነገር ቤታችን ከገባ ወዲህ እንዲያ ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር።

ልብስ የማጥብላቸው ቤተሰብ ልጅ በዚያው ሰሞን መጣች። ወላጆቿ ከደቡብ የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ እሷ የግል ትምህርት ቤት ተማሪ፣ ከእህቴ ጋር እኩያ። የተረሳ ዩኒፎርም ልትሰጠኝ ወደ ቤታችን ስትወርድ እህቴ በሩ ላይ ተንጠልጥላ ትጮሃለች። ልጅቷ ዩኒፎርሙን እንደያዘች ቆማ ሰማችና፣ «ፍሬንድ፣ እኔም ልሳፈር?» አለች። ተሳፈረች። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ትመጣ ነበር።

ጨዋታው እየዋለ እያደረ ሕግ አወጣ። ረዳቷ ቃሉን ትጠራለች፤ ተሳፋሪዋ ትርጉሙን ትከፍላለች። ካልከፈለች «ወራጅ አለ!» ተብላ ትወርድና በቃሉ ዓረፍተ ነገር ሠርታ እንደገና ትሳፈራለች። ሁለት ቃል በአንድ ጊዜ መጥራት ትርፍ መጫን ይባላል። እናቴ ስትገባ ደግሞ «ትራፊክ!» ይባልና ሁለቱም ወለሉ ላይ ቁጢጥ ይላሉ። ከሁሉ የከበደው ሕግ ግን የስም ነበር። ረዳት ተሳፋሪዋን በስም አያውቃትም፤ ስለዚህ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ያለች ወራጅ ናት። ጓደኛዋ በዚህ ሕግ እህቴን ደጋግማ ጥላታለች። ከበሩ ኋላ ሆና ድምፅዋን አለስልሳ በስሟ ትጠራትና፣ «ጨዋታው ይቅር፣ እናትሽ ትፈልግሻለች» ትላለች። እህቴ «አቤት» ስትል፣ «ተሸወድሽ! ውረጂ፣ ፋራ!» ኋላ ላይ እህቴ ስሟን ብትሰማም ጆሮዋን እንኳ የማታንቀሳቅስ ሆነች።

ጓደኛዋ መጀመሪያ ቀን ወደ እኔ ዞራ፣ «እሷስ አትሳፈርም?» ብላ ነበር። ፊቴ ጋለ። እጄ ላይ የነበረውን ካልሲ ወደ ውጭ ገለበጥኩ፣ ወደ ውስጥ መለስኩ።

«እሷ ፌርማታ ናት» አለች እህቴ በፍጥነት። «ፌርማታ አይናገርም። እሷ የቆመችበት ቦታ ነው መድረሻው።»

ስለዚህ ፌርማታ ሆንኩ። እነሱ ይጮሃሉ፤ እኔ ልብስ እያጠፍኩ እሰማለሁ። ትርጉሙ ሁሉ አልያዘኝም። እህቴ የቱ ቃል ላይ ቶሎ እንደምትከፍል፣ የቱ ቃል ላይ አፏን ከፍታ እንደምትቀር ግን አውቅ ነበር። እሷን ማየት ሥራዬ ነበር።

ችግሩ ቤታችን አንድ ክፍል መሆኑ ነው። አባቴ ድሮ እዚሁ የካ ሥር ገበሬ ነበር፤ እርሻው ላይ ቤት ከተሠራ በኋላ የሌሊት ዘበኛ ሆነ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያድርና ጠዋት ይተኛል። ፈተናው ሲቃረብ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ እህቴና ጓደኛዋ ጠዋቱን ሙሉ መጮህ ፈለጉ። አባቴ አንድ ማለዳ ከብርድ ልብሱ ውስጥ አንገቱን አውጥቶ፣ «ልጆቼ፣ ይሄን ታክሲ ወደ ሌላ መስመር አዙሩት» አለ። እህቴ ወዲያው ተነሳች። «ጫካ እንሂድ» አለች።

ከቤታችን በላይ ያለው ጫካ ከእንጦጦ ተራራ ጋር የተያያዘ ነው። ባሕር ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ መንገዱ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጠፋል። ድሮ ድንጋይ የሚወጣበት ካባም አለ፤ ሥራው ቆሟል፣ ጉድጓዱ ግን ሳይሞላ ቀርቷል። ክረምት ሲገባ ውሃ ያቁራል። የጎረቤታችን አህያ እዚያ ገብታ ሞታለች። ለአባቴ ጫካ ልንሄድ ነው ስንለው ከመተኛቱ በፊት፣ «ሱታ፣ ሱታ» አለን። በኦሮምኛ ቀስ በሉ ማለቱ ነው። እናቴ ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ ነበራት፤ እሷም ከእናቷ የሰማችው ነው። «ጫካ ውስጥ የማታውቁት ድምፅ በስማችሁ ቢጠራችሁ አቤት እንዳትሉ። የሚጠራችሁ ምን እንደሆነ አይታወቅም።»

በየማለዳው ወጣን። እኔ ከኋላ እሄዳለሁ። ጭቃው ላይ የጅብ ኮቴ ካየሁ ለማንም ሳልናገር በጫማዬ አጠፋዋለሁ፤ ባያዩት ይሻላል እላለሁ። ውሻ ሲጮህ ወደ እህቴ እጠጋለሁ። ከዛፎቹ መሐል ወንድ ብቻውን ብቅ ካለ የእህቴን ሹራብ ጫፍ እይዛለሁ። እሷ ትስቃለች። «እንቺ እጄን፣ ፌርማታዬ። ማንም አይወስደኝም።»

ጫካ ውስጥ ጨዋታው ከከተማ ታክሲ ወደ አገር አቋራጭ ተለወጠ። ሁለቱም የላምበረት መናኸሪያ ሥር ያደጉ ያህል የሰሜኑን መስመር በቃላቸው ያውቁታል። እኔ የምቆምበት ትልቅ ዛፍ ላምበረት ተባለ። ከእሱ ቁልቁል ያሉት ዛፎች ሰንዳፋ፣ ሸኖ፣ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና ተባሉ። ረዳቷ ላምበረት ላይ ቆማ ቃል ትጠራለች። ተሳፋሪዋ ከታች ሆና ትርጉሙን በጩኸት ትከፍላለች። በትክክል ከከፈለች ወደ ላይ አንድ ከተማ ትቀርባለች፤ ከተሳሳተች አንድ ከተማ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ደብረ ሲና የመጨረሻው ነው። ከእሱ በታች ቁልቁለት ነው፤ ከቁልቁለቱ በታች ካባው።

እውነትም ቃላቱ በዚያ መንገድ ገቡላት። ቁልቁል ሮጣ፣ ተንፍሳ፣ ጮሃ የከፈለችው ቃል አይጠፋም። «ኢኖርመስ» ሲባል ወፍራሙን ዛፍ በጥፊ እየመታች «ግዙፍ!» ትላለች። «ፍራጃይል» ሲባል ደረቅ ቅርንጫፍ ቀጭ አድርጋ «ቶሎ የሚሰበር!» ትላለች። ቤት ስንመለስ ፊቷ በርቶ ምግብ ትበላለች። እናቴ እሷን አይታ እኔን በዓይኗ ታመሰግነኛለች። እኔ ግን ሌሊት ሌሊት ስለዚያ ካባ አልም ነበር።

ፈተናው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ሰኔ ውስጥ፣ ዝናብ አድሮ ያባራበት ጠዋት ወጣን። የዚያን ዕለት ረዳቷ ጓደኛዋ ነበረች። እኔ ላምበረት ላይ የሁለቱን ቦርሳ ታቅፌ ቆሜያለሁ። እህቴ ቀይ ሹራቧን ለብሳ ቁልቁል ወረደች።

ጠዋቱ ለእህቴ ጥሩ አልነበረም። ሳትተኛ ነው ያደረችው። ሰንዳፋ ደርሳ ተሳሳተች፤ ወደ ሸኖ ተመለሰች። ጓደኛዋ፣ «ሪላክታንት! ሪላክታንት የሞላ!» ብላ ጮኸች። የሚያመነታ ማለት ነው፤ ከታች ግን የተሳሳተ መልስ መጣ። «ወደ ኋላ! ደብረ ብርሃን!» ቀጣዩም ተሳሳተ። «ወደ ኋላ! ደብረ ሲና!» ቀጣዩም።

«አሁን የት ልሂድ?» አለች እህቴ ከታች።

ጓደኛዋ በሳቅ እየፈረሰች፣ «ሸዋ ሮቢት ግቢያ!» አለች።

በእውነተኛው መንገድ ከደብረ ሲና ቀጥሎ ሸዋ ሮቢት አለች፤ እኛ ግን በዚያ ስም ዛፍ አልነበረንም። ልጅቷ ቀልዷን ነው። እህቴ ግን ጨዋታ ላይ ቀልድ አታውቅም። ከታች ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማሁ። «ተይ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ እንደለመደብኝ ድምፅ አልወጣም።

ጉሙ የመጣው በዚያች ቅጽበት ነው። ጉም እዚያ አዲስ ነገር አይደለም፤ የዚያን ዕለቱ ግን ከታች ከካባው በኩል ተንከባሎ ወጣና መጀመሪያ ደብረ ሲናን ዋጠ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃንን፣ ከዚያ ሸኖን፣ ከዚያ ሰንዳፋን። ቆይቶ የራሴን ጫማ በደንብ ማየት አቃተኝ። ጓደኛዋ ሌላ ቃል ጠራች። መልስ የለም። ሌላ ጠራች። ዛፉ ላይ የተጠራቀመው ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ብቻ ይሰማል።

«ልታስደነግጠን ነው» አለች ጓደኛዋ። ከዚያ በስሟ ጠራቻት። «ነይ በቃ! ጨዋታው አልቋል! የእውነቴን ነው!»

እንደገና ጠራቻት።

እኔም ጠራኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ጮሄ አላውቅም፤ የወጣው ድምፅ ቀጭንና ስንጥቅ ያለ፣ የእኔ የማይመስል ነበር። ስሟን ደጋግሜ ጠራሁ። ጉሙ ድምፁን እንደ ጥጥ አፍኖ አስቀረው።   ካባው በዓይኔ መጣ፤ ያ አረንጓዴ ውሃ፣ የዚያች አህያ ሆድ። «የአንቺ ሥራ እሷ ናት» የሚለው የእናቴ ድምፅ መጣ።

ጓደኛዋ ማልቀስ ጀመረች። «እኔ ነኝ የላክኋት! ሸዋ ሮቢት ያልኳት እኔ ነኝ!»

«ወደ አስፋልቱ ውጪና ሰው ጥሪ» አልኳት። እንዴት እንዳልኩት አላውቅም። እያለቀሰች የመጣንበትን መንገድ ይዛ ሮጠች፤ እኔ ብቻዬን ቀረሁ።

ልወርድ አንድ እግሬን አነሳሁ። ከዚያ ቆምኩ። እኔ ወርጄ እሷ ብትወጣ ማንም ማንንም አያገኝም። እሷ የምታውቀው ቦታ ይህ ዛፍ ብቻ ነው። ጀርባዬን ግንዱ ላይ አስጠጋሁ። አንድ ነገር ደግሞ ገባኝ። እህቴ በሕይወት ካለች ስሟን ሰምታለች። ሰምታ ግን አትመልስም። ስም ሲጠራ ዝም ማለት እኛው አስተምረናታል።

«አባንደን» አልኩ።

በሹክሹክታ ነበር። እንግሊዝኛ ከአፌ ሲወጣ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፤ በዚያ ጫካ ውስጥ እንኳ ሰው ሰምቶ የሚስቅብኝ መስሎኝ ዞር ዞር አልኩ። ከዚያ ዓይኔን ጨፈንኩና እንደ ረዳት ጮህኩ።

«አባንደን፣ አባንደን፣ አባንደን! ሁለት ሰው የቀረው! አባንደን!»

ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ብቻ። እንደገና ጮህኩ። ጉሮሮዬ ተቃጠለ።

በጣም ከሩቅ፣ ከታች፣ ካባው ካለበት በኩል፦ «ጥሎ... መሄድ!»

እንባዬ መጣ። ግን ማልቀስ አልቻልኩም፤ ካለቀስኩ መጮህ አልችልም። ሌላ ቃል ያስፈልጋል። አሁን ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። የማታውቀውን ቃል ከጠራሁ ትሳሳታለች፤ ከተሳሳተች ሕጉ ወደ ኋላ ይላታል። ከኋላዋ ያለው ካባው ነው። ወደ እሷ የምልከው ቃል እሷ የምትችለው መሆን አለበት።

«ኢኖርመስ! ኢኖርመስ የሞላ!»

«ግዙፍ!» ትንሽ ቀረበ። ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁ።

«አንሸንት! አንሸንት! ሂሳብ እየወጣ!»

«ጥንታዊ!»

እየመጣች ነው። ደስ ብሎኝ ነው መሰለኝ፣ ሳላስብ አፌ ላይ የመጣውን ጠራሁ። «ፕሩደንት! ፕሩደንት!»

ከታች መልስ አልመጣም።

ቃሉን ከጠራሁ በኋላ ነው ያስታወስኩት። ፕሩደንት ማለት ጠንቃቃ ነው፤ እሱ ላይ እህቴ ሁልጊዜ ትወርዳለች። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። አላወቀችውም? ወይስ ወደቀች? ጆሮዬን አቁሜ ሰማሁ። አንዲት ወፍ ከቅርንጫፍ ተነስታ ስትበር መላ አካሌ ዘለለ። «ወደ ኋላ እንዳትሄጂ!» ብዬ ጮህኩ። «ባለሽበት ቁሚ! እንዳትመለሺ!» እንጦጦ ማርያምን ለመንኩ፤ ምን ብዬ እንደለመንኳት አላስታውስም። ከዚያ «ፍራጃይል!» አልኩ። «ፍራጃይል፣ ፍራጃይል! አንድ ሰው የቀረው!»

የቆየሁበት ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። ለእኔ ረጅም ነበር።

«ቶሎ የሚሰበር!» አለች። ቅርብ ነበረች። ትንፋሿ ይሰማኛል።

ከዚያ በኋላ የማውቃቸውን ቀላል ቃላት ሁሉ ያለ ፋታ ጠራሁ፤ ያለቁ ሲመስለኝ የመጀመሪያዎቹን ደገምኩ። ጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ቀይ ነገር ታየኝ፣ ቀጥሎ እጅ። እጇን ስይዘው ጭቃና ደም ነበር፤ መዳፏ ተልጧል። ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ርሷል።

«ዝም ያልሽው ለምንድን ነው?» አልኳት። ድምፄ ገና ጩኸት ነበር።

«መቼ?»

«ስምሽን ስጠራ! ፕሩደንት ስል!»

«ስሜን የጠራሽው አንቺ ነሽ እንዴ? እኔ እኮ ድምፅሽን አላወቅኩትም። ስትጮሂ ሰምቼሽ አላውቅም። እማዬ ያለችው ነገር ነው ብዬ ተደበቅኩ፤ ትንፋሼን ይዤ። ከዚያ አባንደን ሲባል ሰማሁ። ሰይጣን እንግሊዝኛ አይማርም ብዬ መለስኩ።»

«ፕሩደንትስ?»

ጭቃማ እጇን ሹራቧ ላይ ጠረገች። «ጠፋብኛ። ሂሳብ ሳልይዝ ምን ብዬ ልመልስ?»

ትከሻዋ ላይ መታኋት። መትቻት አላውቅም ነበር። ሁለተኛ ልመታት እጄን ሳነሳ አቀፈችኝና ሁለታችንም ጭቃው ላይ ቁጭ አልን።  «ውሃው ጋ ደርሼ ነበር» አለችኝ በጆሮዬ። «እግሬ አንዴ ገብቷል። ወዴት እንደምወጣ አላወቅኩም ነበር።»

ጓደኛዋ የጫካ ጥበቃ የሆኑ ሽማግሌና እንጨት የተሸከሙ ሴት ይዛ መጣች። እህቴን ስታያት ጮሃ ተጠመጠመችባት።

«እዚህ በዚህ ጉም ምን ትሠራላችሁ?» አሉ ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው እያለከለኩ።

«እንግሊዝኛ እያጠናን ነው አባባ» አለች ጓደኛዋ።

ሽማግሌው ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። «ሰሙ? እንግሊዝኛ ነው አሉ። ቤት የላቸውም?»

«ይተዋቸው፣ ቤቱ ጠቧቸው ይሆናል» አሉ ሴትዮዋ። ነጠላቸውን አውልቀው የእህቴን እጅ ጠረጉላት። እስከ መንገዱ ድረስ ሸኙን።

ወደ ቤት ስንወርድ እህቴ፣ «ለእማዬ እንዳትነግሪ» አለችኝ። ሁልጊዜ እንደምለው እሺ አልኳት። ቤት ስንደርስ አባቴ ነቅቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። የእህቴን ሱሪ አየ፣ የእኔን ፊት አየ። እኔ ግን ነገርኩት። ጉሙን፣ ካባውን፣ ውሃውን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ። እህቴ በቁጣ ታየኝ ነበር። አባቴ እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ብርድ ልብሱን አጥፎ፣ «ከነገ ጀምሮ እኔ እማማ ቤት በረንዳ ላይ እተኛለሁ። እናንተ እዚህ ጩኹ» አለ። እማማ ከኛ አጥር ቀጥሎ ያሉት ጎረቤታችን ናቸው።

እህቴ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን መጽሐፏን ይዛ ልብስ ወደማጥብበት መጣችና የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠች።

«ረዳት የለኝም» አለች። ጓደኛዋን እናቷ ከቤት አትወጪም ብላታለች።

እጄ አረፋ ውስጥ ነበር። ቀና ብዬ አላየኋትም። «ከየቱ ልጀምር?» አልኳት።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ድምፄ ከሳፋው አልፎ አይሰማም ነበር። «አልሰማሁም፣ እንዲህ በሹክሹክታ ከጠራሽ ማን ይሳፈራል?» ትላለች። እጮሃለሁ። ጎረቤት ይስቃል። ፊቴ ይግላል። ግን እጠራለሁ፤ እህቴ ከፊቴ ናት፣ ባልዲው ላይ፣ በእጄ ልነካት እችላለሁ። ተማሪዎቹ ሊፈተኑ የሄዱ ቀን የትምህርት ቤቱ በር ላይ አውቶቡሶቹ ቆመው ነበር፤ ስልክ አይያዝም፣ እስኪመለሱ ድምፅ የለም። እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳለፍኳቸው አልናገርም። የሰው ልብስ ሁለት ጊዜ አጥቤያለሁ።

አለፈች። በብዙ አልነበረም፤ አለፈች እንጂ። እናቴ ጉሊቷ ላይ እልል አለች፣ የላምበረት ተሸካሚዎች ሳይቀሩ ተቀላቀሏት። የተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ ሩቅ ነበር። መንገዱ ሰላም እንዳልሆነ ሰው የሚያወራውን እኛም እንሰማለን፤ አባቴ ለብዙ ቀናት ሬዲዮኑን ከጆሮው አልለየም። እሷ ግን ሻንጣዋን አዘጋጅታ ጨርሳ ነበር፤ ስትፈራ እግሯ አያርፍም ብያለሁ።

አሁን ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ስልኳ ዝግ ሆነ። ጠዋት ደወልኩ፣ ምሳ ሰዓት ደወልኩ። ድምፅዋ የተቀዳው የስልኩ ሴት «አሁን ማግኘት አይችሉም» ትለኛለች። የማጥበው አንሶላ እጄ ላይ ቀረ።  አመሻሽ ላይ ስልኬ ጮኸ።

«መብራት ጠፍቶ ነው፣ ባትሪዬ ሞቶ» አለች። ከኋላዋ የሴቶች ሳቅ ይሰማል። «ሄሎ? ምነው ዝም አልሽ? አኮረፍሽ?»

«አላኮረፍኩም።»

«ታዲያ ተናገሪያ!»

እየሞከርኩ ነበር። እጄ ላይ ያለውን አረፋ ጉርዴ ላይ ጠረግኩ፤ ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩና፣ «እራት በላሽ?» አልኳት።